ሹሙ ባሕር ቢሻገር

ብርሀንነሽ ይሄነውን መጀመሪያ ያየችው በካልሲው ቆሞ ነው። ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አርጎ፣ ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ጫማውን የት እንዳወለቀ የጠፋው ሰው ይመስላል። እሷ ደግሞ ብርዱ አላስቆም ብሏት የእናቷን ጋቢ ተከናንባለች። የመጣችው ለእንግዶቹ ክፍሉ ተጠርጎ እንደሆን እዪ ተብላ ነው።

«እህቴ፣» አላት፣ «ሙቅ ውሃ ታመጪልኛለሽ?»

ዘወር ብላ ኋላዋን አየች። ሌላ ሰው የለም።

«እኔን ነው?»

«አዎ። ሙቁ ከሌለ ለብ ያለም ይበቃኛል።»

ሕግ ተምራ፣ ካባ ለብሳ የተመረቀች ልጅ ናት እንግዲህ። መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚጠራት እሷን ነው። ሌላ ብትሆን ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። እሷን ግን ተንኮሏ መጣባት። ውጭ ካደረው በርሜል በጀሪካን ቀድታ በሩ ላይ አስቀመጠችለት። ውሃው ጥርስ ያንገጫግጫል። ከውስጥ «ኡህ...» የሚል ድምፅ ስትሰማ፣ የጋቢዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ሹልክ ብላ ወጣች።

ሰውየው ማን እንደሆነ ያወቀችው በማግስቱ ነው።

የክልሉ ሕገ መንግሥት ይሻሻል ተብሎ ምዕራፍ ምዕራፉ ለየቡድኑ ተከፋፍሎ ነበር። የአስፈጻሚው ምዕራፍ፣ ማለት ሹም እንዴት እንደሚሾም፣ ምን እንደሚያዝ፣ እንዴትስ አድርጎ እንደሚወርድ የሚለው፣ ከትልቅ ከተማ ጫጫታ ራቅ ይበል ተብሎ ለመካነ ሰላም ደረሳት። ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ጋሹ ጡረታቸው የደረሰ ዳኛ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ተኙ ሲባል ነገር ይይዛሉ። ሁለተኛው ይሄነው ነው፣ የወረኢሉ ልጅ፣ ባሕር ዳር የሚሠራ። ሦስተኛዋ ደግሞ የአገሩን ሰው ነገር የምታውቅ ትጨመር ተብላ የገባችው ብርሀንነሽ።

ኮቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ ስትገባ ይሄነው ብድግ አለ።

«አንቺ...»

«ውሃው ለብ ብሎልህ ነበር?»

አቶ ጋሹ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «የምን ውሃ ነው?»

«ምንም አይደል ጋሼ። ትናንት አስተናጋጅ አርጎ ቀጥሮኝ ነው።»

ይሄነው በዚያ ብርድ ግንባሩን ላብ ጠመቀው። «አውፍ በይኝ፣ ሳላውቅ ነው፣» አላት። እሷም አውፍ አለችው። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ጋ ነው። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።

ሥራው ጠዋት ይጀመራል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይነቅፋል፣ አቶ ጋሹ ይቆርጣሉ። ብርሀንነሽ ግን ቁጭ ብላ አትቆይም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች። የእስክሪብቶውን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ወንበሩ ይቆረቁርሻል?» አላት ይሄነው አንድ ቀን።

«እግሬ ነው።»

«እግርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ልማድ ነው አልኩህ። ወደ አንቀጽህ ተመለስ።»

እግሯ አልነበረም። ቸኮል ነበር።

ቸኮል የጎረቤት ልጅ ነው። እሷ ትምህርቷን ሳትጨርስ ሽማግሌ ላከ፣ ቤተሰብ ተስማማ፣ ታጩ። ከዚያ «የቤት መሥሪያ ይዤ ልምጣ» ብሎ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ገባ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር። ኋላ በየሳምንቱ ሆነ። ኋላማ በዓል ሲመጣ ብቻ። እጮኝነት ደግሞ በዚያ አገር እንዲሁ አይቀርም። ያሰሩት ሽማግሌዎች እራሳቸው ተመልሰው፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው መደብ ላይ ተቀምጠው ካልፈቱት፣ ሌላ ሽማግሌ ደጇን አይረግጥም። ፍቱልን ብሎ አፍ ያወጣው ወገን ደግሞ ከዳተኛ ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ እሷም ዝም፣ እሱም ዝም።

መሀል ላይ እማማ ሸጋዬ አሉ፣ የቸኮል እናት። ባላቸው ሞቶ፣ አንድ ልጃቸው ርቆ፣ ብርሀንነሽን «ምራቴ፣ ምራቴ» እያሉ በር በሩን የሚያዩ። እሑድ እሑድ ፀጉራቸውን የምትሠራላቸው እሷ ናት። ይኼን መካነ ሰላም ሁሉ ያውቃል። ይሄነው ብቻ አያውቅም። እሷም አልነገረችውም... ዛሬ ነገ እያለች።

መቼም ምሳ አብሮ መብላት አለ። ከምሳ በኋላ መንገድ አብሮ መሄድ አለ። ነፋሱ ነጠላዋን ሲገፋው ይዞ የሚመልስላት እጅ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ።

አንድ ቀን ይሄነው አዲስ አንቀጽ ይዞ ገባ።

«ርዕሰ መስተዳድሩ ከሥራው ርቆ ከመንፈቅ በላይ ከቆየ፣ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ምክር ቤቱም ሌላ ሰው ይመርጣል፣» ብሎ አነበበ።

«አይሆንም፣» አለች ብርሀንነሽ። ከአፏ አመለጣት።

«ለምን?»

«ታሞ ቢሆንስ? መመለሻ ቢያጣስ? የራቀ ሁሉ ጥሎ ሄደ ማለት ነው?»

«ሕዝቡስ? የማይቀመጡበትን ወንበር እየጠበቀ ይኑር?»

«ምክትል አለው አይደል፤ ይሥራዋ።»

«ምክትልስ ዕድሜውን ሙሉ ሲተካ ይኖራል እንዴ? ሰው እኮ ያልቃል፣ ብርሀንነሽ። በመጠበቅም ያልቃል።»

ደንገጥ ብላ አየችው። ሳያውቅ ነው የተናገረው። እሷ ግን ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ እስኪመሽም ከዚያ አልተመለሰችም ማለት ይቀላል። አቶ ጋሹ «ነገ ሕዝቡ ይሰማውና እሱ ይበለን» ብለው ዘጉት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ይሄነው ፍጥነቷን መከተል አቃተው።

«ቆይ እስኪ፣ ማን እያባረረሽ ነው?»

«ነፋሱ።»

«ብርሀንነሽ... ሐሙስ ረቂቁ ያልቃል። አርብ መሄዴ ነው። ከዚያ በፊት የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

ምን እንደሆነ አውቃዋለች። ሴት ልጅ ይኼን አታጣውም።

«ዛሬ አትንገረኝ፣» አለችው። «ነገ። ከስብሰባው በኋላ።» ነገ እሷም ስለ ቸኮል ልትነግረው ነው። ቆርጣለች።

ነገ ደረሰ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከወግዲ፣ ከከላላ በቅሎ ጭነው የመጡ ሳይቀሩ አሉ። እትዬ ንግሥቴ፣ በከተማው ሳትሰማው የሚቀር ወሬ የሌለ፣ ፊት ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እማማ ሸጋዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

ይሄነው አንቀጹን አነበበ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አልገባውማ። እሱም ነገሩን ላቅልል ብሎ ወረቀቱን አስቀመጠና በድምፅ ማጉያው እንዲህ አለ፦

«ይኸውላችሁ፣ ሹሙ ባሕር ተሻግሮ ሄደ እንበል። ዛሬ መጣሁ፣ ነገ መጣሁ እያለ በስልክ ያቆያችኋል። እሱ እዚያ፣ ወንበሩ እዚህ። እናንተ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ትጠብቃላችሁ። እስከ መቼ?»

አንድ ሰው አሳለ። ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ሳቋን ልትውጥ ስትል አፈነዳችው። ከዚያ ምን ይቁም... አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ ብርሀንነሽ ጠመዘዘ።

እትዬ ንግሥቴ እጇን አውጥታ ተነሣች። «ልጄ፣ ሕጉን ወደድኩት። ብቻ ለክልሉ ነው ያወጣኸው ወይስ ለብርሀንነሽ?»

ሳቁ ጣሪያውን አናጋው። አንድ የወግዲ ሽማግሌ «ብርሀንነሽ ማናት? የትኛው ወረዳ ናት?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ሲጠይቁ ደግሞ ባሰ።

እማማ ሸጋዬ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳብ አረጉና ተነሥተው ወጡ። ብርሀንነሽ አየቻቸው። ወረቀቷን ሰብስባ በሌላው በር ወጣች።

ይሄነው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ደረሰባት። ክንዷን ያዛት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«‹የምነግርሽ አለኝ› ያልከኝ ይኼን ነው? በድምፅ ማጉያ?»

«ወላሂ የምትዪው አልገባኝም።»

«በአማቴ ፊት፣ ይሄነው። እናቴን በምትመስል ሴት ፊት።»

«አማት?» ድምፁ ወረደ። «ባል አለሽ?»

«እጮኛ። ጅዳ ነው።»

እጁን ከክንዷ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። ፊቱን ስታየው ያኔ ገባት። ልጁ ምንም አያውቅም ነበር።

«አላወቅሁም፣» አለ። «ባውቅ፣ እንኳን አዳራሽ ውስጥ፣ ለብቻሽም አልናገረውም ነበር። የሰው እጮኛ መሆንሽን ባውቅ ደግሞ... ነጠላሽንም አልነካ። አውፍ በይኝ።»

ጥሏት ሄደ። ጠርታ ልታስቆመው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትጥራው?

በማግስቱ ይሄነው «ወይዘሪት ብርሀንነሽ» ይላት ጀመር። ወይዘሪት ብርሀንነሽ፣ ያንን ወረቀት ያቀብሉኝ። ወይዘሪት ብርሀንነሽ፣ ይኼን አይተውታል? ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ በረደን ሲሏት ትዘጋለች።

አቶ ጋሹ ዓይናቸውን ጨፍነው «የትናንቱ አንቀጽ ምን ይሁን?» አሉ። «ሰው ሳቀ እንጂ አልተቃወመም።»

«ይውጣ፣» አለ ይሄነው። «ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አነሣዋለሁ።»

«ይቆይ፣» አለች ብርሀንነሽ።

ሁለቱም አዩዋት።

«ይቆይ። ግን ይጨመርበት። ወንበሩ ባዶ ነው ከመባሉ በፊት ምክር ቤቱ ሰውየውን ይጠይቀው። ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም ተብሎ፣ ቁርጡ ከራሱ አፍ ይሰማ። ሳይጠየቁ አለህም የለህምም መባል ደግ አይደለም።»

«ያማረ ነው። ጻፊው፣» አሉ አቶ ጋሹ።

ጎንበስ ብላ ጻፈች። መስመሩ ሲያልቅ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣ «አንቺስ፣ ልጄ፣ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» አሏት።

እስክሪብቶዋ ቆመ። ይሄነው ወደ ጣሪያው አየ። ብርሀንነሽ ስልኳን ይዛ ወጣች።

እዚያው ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«ብርሀኔ? በደህና ነው? እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው። ቸኮል፣ ትመለሳለህ?»

«ኢንሻላህ ዘንድሮ እንኳን...»

«እሷን ቃል ስሰማት ኖሬያለሁ። አሁን አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ከስልኩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ መጣ፤ ከዚያ «እሹሩሩ» የምትል ሴት።

«የማን ልጅ ነው?»

«...የኔ ናት፣» አለ ቸኮል።

ብርሀንነሽ ግንዱን ተደገፈች። ልታለቅስ ነው ስትባል ከአፏ የወጣው ሳቅ ነው።

«ማን አላችኋት?»

«ሸጋዬ። በእናቴ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ተውኩህ እስክትይኝ ስጠብቅ ነበር። እኔ ፍቱኝ ካልኩ እናቴ በሰፈሩ ምን ትባላለች ብዬ።»

«እኔ ደግሞ አንተን ስጠብቅ ነበር። እኔ ካልኩ እናትህ ምን ይሆናሉ ብዬ።»

ያን ሁሉ ክረምትና በጋ ሁለቱም አንድ በር ላይ ቆመው፣ አንቺ ቅደሚ አንተ ቅደም ሲባባሉ እንደኖሩ ያኔ ገባቸው።

«አውፍ በይኝ፣ ብርሀኔ።»

«ብያለሁ። ለእናትህ ግን አንተ ንገራቸው።»

«ኧረ ባክሽ አንቺ ንገሪያት። እኔ እፈራለሁ።»

እንግዲህ ይኼ ቀይ ባሕርን በጀልባ የተሻገረ ወንድ ነው።

እማማ ሸጋዬ መደባቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ብርሀንነሽ ገብታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ ደግሞ ተቀመጠች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

«ልጅ ወለደ ልትዪኝ ነው?»

ብርሀንነሽ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«አውቃለሁ፣» አሉ እማማ ሸጋዬ፣ ዓይናቸውን ከምስሩ ሳያነሡ። «የጎረቤታችን የየሺእመቤት ልጅ ከጅዳ ስትመጣ በስልኳ አሳይታኛለች። የሕፃኗ አፍንጫ ቁርጥ የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጃለሻ።» እጃቸው ቆመ። «እሱስ አንዴ ሄደ። ያንቺን መሄድ ግን በየት በኩል ልቻለው? ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ደጃፌን ከፍተሽ ስትገቢ ይጠፋኛል። ትናንት ያ ልጅ ሲናገር ስለኔ መሰለኝ። ወንበሩን የማስጠብቅሽ እኔ ነኛ! ፊቴን የት ላግባው... ወጣሁ።»

«እኔ ደግሞ በኔ ተናደው ነው ብዬ...»

«በራሴ ነው፣ ልጄ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ቆይተው፣ «ያ ረጅሙ ልጅ ነው አይደል?» አሉ።

«ረጅም አይደለም።»

«ተቀምጬ ስላየሁት ይሆናል። ይወድሻል?»

«ወይዘሪት ይለኝ ጀምሯል።»

«እንግዲያማ ክፉኛ ይወድሻል።»

እማማ ሸጋዬ ያን ዕለት ማንንም አላማከሩ። ያሰሩትን ሽማግሌዎች፣ አያ ቢሻውንና ሼህ እንድሪስን፣ በእግራቸው ሄደው ጠሩ። ሁለቱ ያው የብርሀንነሽ እናት ቤት፣ ያው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ፍቱልን የሚለው የትኛው ወገን ነው?» አሉ አያ ቢሻው። ደንቡ ነው፤ መጠየቅ አለበት።

ብርሀንነሽ ልትናገር ስትነሣ እማማ ሸጋዬ በትከሻዋ ይዘው አስቀመጧት።

«እኔ ነኝ፣» አሉ። «የወንዱ ወገን ነው። ከዳተኛ የሚል ካለ እኔን ይበል።»

ሼህ እንድሪስ ዱአ አረጉ፤ ሁለቱም ወገን አሜን አለ፤ ተፈታ። እትዬ ንግሥቴ ወሬውን ገበያ አድርሳ ስትመለስ ሰዎቹ ገና ከደጅ አልወጡም ነበር።

አርብ ጠዋት ይሄነው መናኸሪያ ቆሟል፤ ሻንጣው አውቶብሱ ላይ ወጥቷል። ብርሀንነሽ እየሮጠች መጣች፣ ፀጉሯ ሳይታሰር።

«ወይዘሪት ብርሀንነሽ...»

«ተፈታሁ፣» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ትናንት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ፈቱት። ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ አለቀ። የምነግርሽ አለኝ ብለኸኝ ነበር።»

ይሄነው ዙሪያውን አየ። ዶሮ የያዘ፣ ጆንያ የተሸከመ፣ ሰው ሁሉ ያያቸዋል።

«እዚህ? መናኸሪያ ውስጥ?»

«አዳራሽ ይሻልሃል?»

መሣቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። «እወድሻለሁ፣» አላት። «በዚያ በቀዝቃዛው ውሃ ስንቀጠቀጥ እየተራገምኩ ነበር። በማግስቱ ስትገቢ እርግማኑ ጠፋኝ።»

የአውቶብሱ ረዳት በሩን በእጁ ደበደበ። «ወንድም፣ ትሄዳለህ ወይስ ታፈቅራለህ? ሞልቷል።»

«እሄዳለሁ፣» አለ ይሄነው። የብርሀንነሽ ፊት ሲለወጥ አይቶ እጇን ያዘ። «ወረኢሉ ነው የምወርደው። አባቴን ይዤ ነው የምመለሰው።»

ያ መጠበቅ ቸኮልን ከመጠበቁ ባሰ። ያኛው እኮ አመታት ነበር፤ ይኼኛው ከሳምንት አይበልጥም። ግን አንዴ ጠብቃ ያጣች ሴት ዳግም ላለማጣቷ ምን ዋስትና አላት? ስልኩ ቢጮህ ትዘላለች፣ ባይጮህ ትዘላለች። እናቷ «ቤቱን አዞርሽው» አሏት።

መጡ። አባቱና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ደጁ ላይ ቆመው «አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ደንቡ። እማማ ሸጋዬ የሴቷ ወገን ሆነው፣ ከእናቷ ፊት ተሰይመዋል። መካነ ሰላም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ የድሮው እጮኛ እናት ለአዲሱ ስትመልስ።

«ዘመድ እንጠይቅ፤ ሌላ ቀን ኑ፣» ብለው መለሷቸው።

መጡ እንደገና። «ከዘመድ ጋር ገና አልተገናኘንም፣» ብለው መለሷቸው።

«እማማ፣ ኧረ ባክዎት...» አለች ብርሀንነሽ።

«ዝም በይ። የኔን ልጅ በአንድ ምልልስ አይወስድም።»

በሦስተኛው ይሄነው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ መጣ። ደንብ አይደለም፤ ግን መጣ። እማማ ሸጋዬ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አጭር ነህ ለካ፣» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄ ናት፣ አወቅህ? ምራቴ አልልም ከዛሬ ጀምሮ። ልጄ። ስትመጡ በዚህኛው ቤት ብቻ ገብታችሁ እንዳትሄዱ።»

«መጀመሪያ እርስዎ ጋ ነው የምንገባ።»

ሴትዮዋ ዞር ብለው ለሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» አሏቸው። በቃ፣ ያ ቃል ነው። አንዴ ተቀመጡ ከተባለ እሺ ተብሏል።

ውስጥ ምርቃቱ ሲደራ ብርሀንነሽ ጓሮ ወጥታ ከአጥሩ እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ትመላለሳለች። ይሄነው ተከትሏት ወጣ።

«አሁንስ ምን ያንቆራጥጥሻል? አለቀ እኮ።»

ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና አዳመጠች።

«ደስታ ሳይሆን አይቀርም፣» አለችው። «መጥቶብኝ ስለማያውቅ... አልለየሁትም።»